ሐረር ላይ ባሮሜትሩ 813 ይላል፣ ስልኬ 1016፤ የቱን ልመን?

የከዚራ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬ (ድሬ ዳዋ) ነው። አሁን የሜዲካል ፊዚክስ ማስተርሴን እየተማርኩ ለተግባር ልምምድ ሐረር ወጥቻለሁ። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ የጀማሪ ሊመስል ይችላል፤ ነኝም።

ዛሬ የሊናኩ (ለካንሰር ታካሚ ጨረር የሚሰጠው ማሽን) ወርኃዊ የዶዝ፣ ማለትም የጨረር መጠን፣ ልኬት ነበርና አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ እኔ እንድሠራው ፈቀደልኝ። የውኃ ታንኩ ከትናንት ማታ ጀምሮ ተሞልቶ ክፍሉ ውስጥ አድሯል። ጨረር መለኪያዋን፣ ባለ 0.6 ሲሲዋን ቻምበር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አስቀመጥን፣ ፊልዱን (ጨረሩ የሚያርፍበትን ስፋት) 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ከፈትን፣ 100 ኤም ዩ (ማሽኑ ጨረሩን የሚቆጥርበት አሃድ) ሰጠን፣ ቻርጁን በሚለካው ኤሌክትሮሜትር ላይ ናኖ ኩሎምቡን አነበብን። ሦስቱም ንባብ እርስ በርሱ ገጠመ። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል።

ከዚያ የውኃው ሙቀት 22.5፣ ባሮሜትሩ 81.3 ኪሎ ፓስካል (813 ሄክቶ ፓስካል)። ሒሳቡን ስሠራ የሙቀትና የግፊት ማስተካከያው 1.257 ወጣ። አቦ! በመጽሐፉ ምሳሌዎች ሁሉ 1.00 ወይም 1.01 ምናምን ነው የማውቀው። አለቃዬ ዓይኑን ጣል አድርጎ «ልክ ነው፣ ጻፈው» አለኝና ታካሚ ስለገባ ወጣ። ቤት ገብቼ የስልኬን የአየር ሁኔታ ስከፍት ሐረር 1016 ሄክቶ ፓስካል ይላል። ያ ማለት 101.6 ነው። ድሬ ብዬ ስፈልግም ያው 1015፣ 1016። ልዩነቱ የ20 በመቶ ነው፤ እኛ ደግሞ 2 በመቶ ካለፈ የምንጨነቅ ሰዎች ነን።

አብሮኝ የሚማር ልጅ «ባሮሜትሩ ተበላሽቷል፣ ለአለቃህ ንገረው» ይለኛል። ነገ ጠዋት ሄጄ ተበላሽቷል ከማለቴ በፊት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።


ጅቡቲ_ባዮሜድ

ወሪያ፣ ባሮሜትሩ መበላሸቱማ ግልጽ ነው። እኔ ጅቡቲ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነኝ፤ የእኛ ዓመቱን ሙሉ ከ1000 እስከ 1015 ገደማ ነው የሚጫወተው። 813 ያየሁበት ቀን የለም። እዚህ 813 ብናይ አውሎ ነፋስ መጣ ብለን ወደብ እንዘጋ ነበር። ነገ ድሬ ዳዋ ኤርፖርት ደውልና ግፊቱን ጠይቅ፣ በየሰዓቱ ይመዘግባሉ። የነገሩህን ቁጥር ተጠቀም። አዲስ ባሮሜትርም ይግዙ፣ ውድ ነገር አይደለም።


የሸዋ_በር_ፊዚሲስት

ጅቡቲ ሆኖ የሐረርን ባሮሜትር መመርመር ጥሩ ተሰጥኦ ነው። ልጄ፣ እባክህ ይሄን ምክር አትስማ፤ ኤርፖርት የሚለውንማ በተለይ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ባሮሜትሩ ደህና ነው። ስልክህም አልዋሸም። አፑ የሚነግርህ ሐረር ከባሕር ጠለል ላይ ብትሆን ኖሮ ግፊቷ ስንት ይሆን እንደነበር ነው። የአየር ሁኔታ ሰዎች እንዲህ የሚያደርጉት የምፅዋን፣ የድሬንና የአዲስ አበባን ግፊት አንድ ካርታ ላይ አስቀምጠው እንዲያወዳድሩ ነው። ያለዚያማ ካርታው ሁሉ የተራራ ካርታ ይሆንባቸዋል። ለነሱ ሥራ ትክክል ነው፣ ለአንተ ሥራ መርዝ ነው። አንተ የምትፈልገው ቻምበርህ በተቀመጠችበት ክፍል፣ በዚያች ሰዓት፣ አየሩ በእውነት የሚጫነውን ግፊት ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ከፍታ ላይ በእኛ አገር አየር 81 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይወጣል። ድሬ 88 ገደማ። አዲስ አበባ ደግሞ ከ77 ብዙም አይርቅም፤ አዲስ አበባ የሠራ ፊዚሲስት 1.3 የሚጠጋ ማስተካከያ ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ማመን ካቃተህ ቅዳሜ ድሬ ስትወርድ አንድ ነገር አድርግ። የጠጣኸውን የፕላስቲክ ውኃ ግማሽ ሲደርስ ሐረር መናኸሪያ ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ ዝጋው። ሐረማያን፣ አደሌን አልፈህ ደንገጎ ቁልቁለቱን ስትጨርስ ጠርሙሱን እየው፤ ጎኑ ገብቶ ተጨማድዶ ታገኘዋለህ። ማንም አልጨመቀውም። ሐረር የታሸገበት አየር ቀጭን ነው፣ የድሬ አየር ወፍራም ነው፣ ጫነው። በተቃራኒው ድሬ የገዛኸው የቺፕስ ፌስታል ሐረር ሲደርስ ሊፈነዳ ይደርሳል። እኛ ልጆች ሆነን ይሄ ለምን እንደሆነ የነገረን አስተማሪ አልነበረም። ጨዋታችን ነበር።

አሁን ወደ ቻምበሯ። ያቺ 0.6 ሲሲ ክፍት ናት፤ በቀጭን ቀዳዳ ከክፍሉ አየር ጋር ትገናኛለች። የምትለካው ጨረሩ በውስጧ ያለውን አየር ሲመታ የሚለቀቀውን ቻርጅ ነው። ሐረር ላይ እዚያች ቻምበር ውስጥ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። የሚመታ አየር ከሌለ ቻርጅም የለም። ስለዚህ ኤሌክትሮሜትሩ በ20 በመቶ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳይሃል፣ ማሽኑ ግን ዶዙን አንዲት ጠብታ አልቀነሰም። 1.257 የምትለዋ ቁጥር የጎደለውን አየር ትመልስልሃለች። የቻምበሯ የካሊብሬሽን (ከመደበኛ መለኪያ ጋር የተስተካከለችበት) ወረቀት ላይ ተመልከት፤ 20 ዲግሪና 101.325 ኪሎ ፓስካል ይላል። ወረቀቱ ስለ ሐረር አያውቅም፣ የምታውቀው አንተ ነህ።

እዚህ ጋ ሁሉም ጀማሪ የሚገለበጥባት ነገር አለች፣ እሷን ቀስ ብለህ አስባት። በአፑ 101.6 ብትሠራ ማስተካከያው 1.006 ገደማ ይሆንልሃል። የለካኸው ዶዝ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታይሃል። አንተም «ማሽኑ ደክሟል» ብለህ ታስተካክለዋለህ፣ ማለትም ከፍ ታደርገዋለህ። ታካሚዋ 2 ግሬይ (የጨረር ዶዝ መለኪያ) ትወስዳለች ብለህ የላክሃት 2.5 ትወስዳለች። በ25 ቀን ተከፋፍሎ 50 ግሬይ የታዘዘላት 62.5 ይደርሳታል። አንጀት፣ ፊኛ፣ የአከርካሪ አጥንት ውስጥ ያለው ነርቭ ይሄን አይሸከምም። የሚያስፈራው ደግሞ የልኬት ስሕተት አንድ ሰው ላይ አይቆምም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ክፍል የገባ ሁሉ ላይ ነው። እንግሊዝ ኤክሰተር ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 አዲስ የኮባልት ምንጭ (ከሊናክ በፊት የነበረው የጨረር ማሽን ራሱ ጨረር የሚያወጣው ብረት) ሲለካ በተፈጠረ ስሕተት 207 ታካሚ 25 በመቶ ያህል ትርፍ ዶዝ ወስዷል። መጠኑ ካንተ ጥያቄ ጋር ያው ነው። ኮስታ ሪካ በ1996 ደግሞ ግፊትም አልነበረም፤ 0.3 ደቂቃ ማለት 18 ሴኮንድ ሆኖ ሳለ እንደ 30 ሴኮንድ ተቆጠረ፣ ከ100 በላይ ሰው ተጎዳ። እንዲህ ያለ ነገር ሊቅ አይጠይቅም፣ አንድ ቁጥር ብቻ ይበቃል።

ኤርፖርቱን ልጨርስ። ኤርፖርት ደውለህ ግፊት ብትል የሚሰጡህ ለአብራሪ የሚሰጡትን፣ ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰውን ነው። ከአፑ የተለየ አይደለም። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከየአገሩ ከሰበሰባቸው የጨረር ሕክምና አደጋዎች ውስጥ ይሄው ራሱ አለ፤ ከፍታ ላይ ያለ ሆስፒታል የኤርፖርት ግፊት ወስዶ ታካሚዎቹን ከታዘዘው በላይ ያከመበት። ብልጥ ሆነህ «አይ፣ እዚያው መሬታችሁ ላይ የሚነበበውን ስጡኝ» ብትላቸው እንኳ የሚሰጡህ የድሬን 88 ነው። ድሬና ሐረር መካከል የ700 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ፤ በዚያ ብትሠራ ከ8 በመቶ በላይ ትሳሳታለህ። 8 በመቶ ደግሞ ከ25 ይልቅ አደገኛ ነው እላለሁ እኔ። 25ቱን አንድ ሰው ዓይቶ ይደነግጣል፤ 8ቱን ማንም ሳያየው ዓመት ያልፋል።


ጅቡቲ_ባዮሜድ

እሺ ጋሼ፣ ተቀጣሁ። ግን አንድ ልጠይቅ፤ እኛ ጋ ያለው የግድግዳ ባሮሜትር ሐረር ቢወሰድ 813 ያሳያል?


የሸዋ_በር_ፊዚሲስት

አያሳይም፣ እሱም ሌላው ወጥመድ ነው። የቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ባለ ቀስት ባሮሜትሮች አብዛኛዎቹ ከ950 እስከ 1050 ብቻ ነው የተቆጠረላቸው። ሐረር ስታደርሰው ቀስቱ ከታች ወርዶ ይጋደማል። ከጀርባው ደግሞ ትንሽ ብሎን አለች፤ ሻጩ ወይም ገዢው «እንዴት 1013 አይልም» ብሎ በዊንዲቨር ያዞራትና ያስተካክለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ባሮሜትር የባሕር ዳርቻ ቁጥር እያሳየ በከፍታ ላይ ይኖራል። ለዶዝ ልኬት የሚያስፈልገው የቦታውን ግፊት በቀጥታ የሚያነብ፣ የራሱ የካሊብሬሽን ወረቀት ያለው፣ ወረቀቱም ጊዜው ያላለፈበት ነው።


ሰቢያን_07

ይቅርታ፣ እኔ ፊዚክስ አላውቅም፤ የገባሁት እናቴ ሐረር ጨረር እየወሰደች ስለሆነ ነው። የማሕፀን በር ነው። ከድሬ በሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተን ደንገጎን ስንወጣ ጆሮዋ ይደፈናል፣ ማስቲካ እሰጣታለሁ። ስንደርስ አንዳንድ ቀን «ማሽኑ እየተለካ ነው፣ ጠብቁ» ይሉናል፤ እሷ ደግሞ ፊኛዋን ሞልታ እንድትመጣ ስለታዘዘች መጠበቁ ሥቃይ ነው። አሁን ይሄን ሳነብ ልቤ ወረደ። ጋሼ፣ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ፤ እናቴ 25 በመቶ ትርፍ ወስዳለች ማለት ነው? ደግሞስ ድሬ እየኖረች ሐረር መታከሟ፣ ይሄ የአየር መቅጠንና መወፈር እሷ ላይ ለውጥ ያመጣል?


የሸዋ_በር_ፊዚሲስት

ቅር አይለኝም፤ ድሬ አንቱ ያለች ቀን ነው የምደነግጠው።

አልወሰደችም። ልጁ የጻፈውን መልሰሽ አንብቢ፤ ባሮሜትሩ 81.3 አለ፣ እሱም ያንን ጻፈ፣ አለቃውም ዓይቶ ልክ ነው አለ። ሥራው እንደሚገባው ሄዷል። ልጁ የጠየቀው ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲያይ ስለገረመው ነው፤ የገረመው ልጅ ደግሞ ካልገረመው ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። እናትሽ ላይ ለውጥ አያመጣም። ከፍታው የሚነካው መለኪያዋን፣ ያቺን አየር የያዘች ትንሽ ቻምበር ነው። የሰው ሥጋ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ሐረርም ድሬም ጅቡቲም ውስጥ ያው ውፍረት ነው ያለው። ለዚህ ነው ልጁ የሚለካው ውኃ ውስጥ የሆነው። የተሰጣት 2 ግሬይ ከሆነ ደንገጎን ወርዳም 2 ግሬይ ነው።

ስለ ጠዋቱ ጥበቃ። ማሽኑ በየቀኑ ታካሚ ከመግባቱ በፊት ይፈተሻል። የጠዋቱ እንደ ልጁ ልኬት በውኃ አይደለም፤ አንድ ሳጥን መሰል መሣሪያ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ ጨረር ይተኮስበታል፣ ቁጥሩ ከተለመደው በ3 በመቶ ከወጣ በር አይከፈትም። የግድግዳው ቀይ መስመሮች፣ በሩ ሲከፈት ጨረሩን የሚያቆመው ማቆሚያ፣ የካሜራውና የድምፅ መገናኛው አብረው ይታያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የሚረዝምበት ቀን ቁጥሩ ትንሽ ከወትሮው ተለይቶ ደግመው የሚለኩበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቀን ቸኩለው ቢያስገቧት ነበር ልትፈሪ የሚገባሽ። የፊኛውን ነገር ግን ለቴክኖሎጂስቶቹ ንገሪያቸው፤ ጠዋት ደውላችሁ ልኬቱ ማለቁን ካረጋገጣችሁ በኋላ ውኃውን ብትጠጣ እሷም አትሠቃይም፣ ፊኛዋም ለሕክምናው ዕቅድ በተነሣችበት ምስል ላይ እንደነበረው ሞልቶ ትገባለች።


የከዚራ_ልጅ

ሰቢያን፣ እህቴ፣ ማስደንገጥ አልፈለግኩም። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ጠዋት የምታይው ነጭ ጋወን የለበሰ ቀጭን ልጅ ሁሉ እኔ አይደለሁም ግን 😅

ጋሼ፣ ገብቶኛል፣ ጠርሙሱንም ቅዳሜ እሞክራለሁ። አሁን ሌላ ነገር መጣብኝ። እዚህ ሌላ ኤሌክትሮሜትር አለ፣ አዲሱ፤ ሜኑው ውስጥ ሙቀትና ግፊት ማስገቢያ አለው፣ አስገብተህ ካበራኸው ራሱ አስተካክሎ ያሳያል። አለቃዬ «አጥፋው» አለኝ። ለምን? ማሽኑ ከኔ የተሻለ ማባዛት አያውቅም እንዴ?


የሸዋ_በር_ፊዚሲስት

ማባዛትማ ከሁላችንም የተሻለ ያውቃል። ችግሩ አንተም ታባዛለህ። ኤሌክትሮሜትሩ በ1.257 ካባዛ በኋላ አንተ ወረቀትህ ላይ እንደለመድከው በ1.257 ደግመህ ብታባዛ ማሽኑ 25 በመቶ የጠገበ ይመስልሃል፣ ትቀንሰዋለህ፣ ታካሚዋ ከታዘዘላት 20 በመቶ አጥታ ትሄዳለች። ትርፍ ዶዝ ቢያንስ ቆዳ ላይ፣ ሆድ ላይ ይጮኻል፤ የጎደለ ዶዝ ዝም ነው የሚለው። ዕጢው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ይመለሳል፣ ሰውም «ካንሰር ነው፣ ምን ይደረግ» ይላል። እንግሊዝ ሰሜን ስታፎርድሺር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1991 ድረስ የሆነው ይሄው ነው። ፊዚሲስቶቹ የርቀት ማስተካከያውን በእጃቸው ያስገቡ ነበር፤ አዲስ ኮምፒውተር መጣ፣ ኮምፒውተሩም በራሱ ያስተካክል ነበር፣ እነሱም ማስገባታቸውን ቀጠሉ። 1,000 ያህል ታካሚ ከ5 እስከ 35 በመቶ ያነሰ ዶዝ ወስዷል። ዘጠኝ ዓመት! ኮምፒውተር መጣ ብሎ የተደሰተ እንጂ የጠረጠረ አልነበረም።

ስለዚህ አለቃህ ጥሩ ሰው ነው። ጥሬውን ንባብ ጻፍ፣ ሙቀቱን ጻፍ፣ ግፊቱን ጻፍ፣ ማባዛቱን ወረቀት ላይ አድርገው። ነገ አንድ ሰው ቢጠራጠር እያንዳንዱን እርምጃ መመለስ ይችላል። የጠዋቱ ሳጥን መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ በውስጡ ሙቀትና ግፊት የሚለካ ነገር አለው፣ አንዳንዱ የለውም። የእናንተው የቱ እንደሆነ ከማንዋሉ ካነበብክ በኋላ ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፍበት። ካላሰናበቱህ አመስግነኝ።

ሙቀቱንም አትርሳው። ሦስት ዲግሪ ማለት 1 በመቶ ነው። የሚለካው ውኃው ውስጥ ነው እንጂ የክፍሉ ኤሲ ላይ የተጻፈው አይደለም። ታንክ ውስጥ ያደረ ውኃ ከላዩ ስለሚተን ከክፍሉ አየር በዲግሪም በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ቻምበሯንም ከካዝና አውጥተህ ውኃ ውስጥ ከከተትካት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታገሣት፣ ትልመድ። ወደ ሐረር የመጡ የድሬ ልጆች ራሳቸው ለመልመድ ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ ሹራብ ለብሰው ነው የሚዞሩት።


አራት_ኪሎ_ዶዚሜትሪ

ጋሼ ጨርሰህልናል፣ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ቢሳሳት፣ አለቃውም ቢሳሳት፣ ባሮሜትሩም ቢዋሽ የሚይዘው ምንድን ነው? በፖስታ የሚመጣው ፍተሻ ነው። የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲውና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ይሄን ያካሂዳሉ። ከኦስትሪያ፣ ቪየና አጠገብ ካለው ላቦራቶሪያቸው የወሰዱትን ጨረር የሚይዙ ትንንሽ ካፕሱሎች ይልኩልሃል። አንተ እንደ ታካሚ አስበህ ውኃ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርገህ 2 ግሬይ ትሰጣቸዋለህ፣ መልሰህ ትልካለህ። እነሱ ያነቡታል፣ ከ5 በመቶ በላይ ከተለያያችሁ ስልክ ይደወላል። ድሮ የዱቄት ነገር ነበር በካፕሱሉ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የመስታወት ዘንግ ሆኗል።

ለዚህ ጥያቄ የሚገጥመው ደግሞ ይሄ ነው፤ መስታወት አየር አይተነፍስም። ሐረር ይሁን ምፅዋ፣ ለሱ ያው ነው። ግፊት የሚባለውን ስሕተት ጨርሶ ስለማያውቀው ተሳስተህ ከሆነ ዓይንህን አያይም፤ 25 በመቶ ብሎ ይጽፍልሃል። የኤክሰተሩም እኮ የተያዘው ከውጭ የመጣ ሰው በራሱ መሣሪያ ሲለካ ነው፣ እዚያው ያሉት በራሳቸው መሣሪያ ሺሕ ጊዜ ቢደግሙት ያው መልስ ነበር የሚያገኙት።


የሸዋ_በር_ፊዚሲስት

ሕይወት ይስጥህ። እኔ የኮባልት ዘመን ሰው ስለሆንኩ ያቺን ካፕሱል ስንጠብቅ የፈተና ውጤት የምንጠብቅ ነበር የምንመስለው። ኮባልት ደግሞ በወር 1 በመቶ ገደማ ራሱ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ወር ማለፉን ረስተህ ከሆነም ያጋልጥሃል።


የከዚራ_ልጅ

ዛሬ ጠዋት ገብቼ ተበላሽቷል አላልኩም፣ ተመስገን። ይልቅ አለቃዬን ባሮሜትሩን በምን እናመሳክር አልኩት፤ አንድ ነርስ ስልኳ የግፊት ሴንሰር ያለው ሆኖ ተገኘ። አፕ አይደለም፣ ራሱ የሚለካ። አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው የሷ 812.4፣ የኛ 813። ከዚያ ስልኩን ይዘን እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፣ አንድ ሄክቶ ፓስካል ገደማ ወረደ። አለቃዬ ሲስቅ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ረፋድ 4 ሰዓት ላይና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ደግሜ ስለካ ግን 3 ሄክቶ ፓስካል ያህል ልዩነት አየሁ። ዝናብ የለም፣ ምን የለም። ይሄስ?


የሸዋ_በር_ፊዚሲስት

እሱ የአየሩ የዕለት ትንፋሽ ነው። እኛ ባለንበት የምድር ወገብ አካባቢ ግፊቱ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፣ ማታም ይደግመዋል። ፀሐይ አየሩን እያሞቀች የምትፈጥረው ሞገድ ነው። 3 ሄክቶ ፓስካል ለአንተ 0.4 በመቶ ያህል ናት። ትንሽ ናት፤ ግን ጠዋት ያነበብከውን ግፊት ለከሰዓት ልኬት አትጠቀም። ይሄን ማየትህ ደግሞ ባሮሜትሩ ቀስቱ የተጣበቀ እንዳልሆነ ያሳይሃል።

የስልኩ ሴንሰር ለማመሳከር ይበጃል፤ ወረቀት ላይ ግን የሚገባው የባሮሜትሩ ነው።


የከዚራ_ልጅ

የመጨረሻ ጥያቄ። የምንጽፍበት ኤክሴል ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ የግፊት ሳጥኑ ስትከፍተው 101.3 ተጽፎበት ነው የሚመጣው፣ አንተ አጥፍተህ ትጽፋለህ። ልቀይረው? አለቃዬ «ሐሳብ ካለህ አምጣ» ብሎኛል።


አራት_ኪሎ_ዶዚሜትሪ

ዛሬውኑ ቀይረው! ባዶ ይሁን። ባዶ ከሆነ ውጤት አያወጣም፣ ሰውየው የግድ ሄዶ ባሮሜትሩን ያያል።


የሸዋ_በር_ፊዚሲስት

ባዶ ይሁን፣ ትክክል። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ገደብ አድርግለት፤ ሐረር ላይ ከ80 በታች ወይም ከ83 በላይ ከተጻፈ ቀይ ይሁንና ውጤቱን አያሳይ። የእኛ አገር ግፊት ከወቅት ወቅት ብዙም ስለማይዋዥቅ ከዚያ የሚወጣ ቀን አይኖርም። 813 ብሎ በሄክቶ ፓስካል የጻፈም ያኔ ይያዛል፤ አሃዱን ከሳጥኑ አጠገብ በትልቁ ጻፍ። ሌላ አንድ ሳጥን ጨምርና ባሮሜትሩን ያነበበው ሰው ስም ይግባበት፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ሒሳቡን ያየው ሁለተኛ ሰው። ሁለቱ አንድ ስም ከሆኑ እሱም ቀይ ይሁን። ፋይሉን ስትጨርስ እዚህ ጫነውና እንየው፤ ቁልፍ አድርግበት ግን፣ ፎርሙላውን ሰው እንዳይነካው።